ሙስሊም ስፖርተኛ፣ ሜዳውና ስልኩ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በድሬዳዋና በሐረር ለሚጫወቱ፣ ለሚሮጡና ለሚያሠለጥኑ ሙስሊሞች ነው። እምነታቸውን በሥነ ምግባራቸውም በማኅበራዊ ሚዲያም ማሳየት የሚፈልጉ ሰዎች የሚጠይቁትን ሰብስበናል። ዑለማዎች የሚለያዩበት ነገር ሲመጣ ወደ ሼኻችሁ እንመራችኋለን፤ የጨዋታውን ሕግና የስልኩን ነገር ግን በዝርዝር እንነጋገራለን።

ዳዕዋ (ወደ እስልምና መጥራት) ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ግን ንግግር አልችልም። ከየት ልጀምር?

ንግግር አለመቻል እዚህ ጋ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሳይጠቅም አይቀርም። የቡድን ጓደኛ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ሰዓት ታከብራለህ ወይ፣ ኳስና ኮን ተሸክመህ ትመልሳለህ ወይ፣ የተበደርከውን ታኬታ አጥበህ ትሰጣለህ ወይ፣ ኳሷ እጅህን ነክታ ዳኛው ሳያይ ቢቀር ምን ትላለህ። ሜዳ ላይ እናት የሚሳደብ ልጅ ማታ በስልኩ ሐዲስ ቢለጥፍ፣ መጀመሪያ የሚስቁበት አብረውት የሚጫወቱት ናቸው። አስተያየት መስጫው ላይ ባይጽፉትም መልበሻ ክፍል ውስጥ ይነጋገሩታል። ስለዚህ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ወር ምላሳችሁን ግሩ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ልምምድ ከዐስርና ከመግሪብ ጋር እየተጋጨብኝ ነው። አሰልጣኙን እንዴት ላናግረው?

በድሬዳዋ ሙቀት ምክንያት የከሰዓት ልምምድ ብዙ ጊዜ 10 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ዐስር ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሚገባ ሰግዶ መግባት ነው። የሚያስቸግረው መግሪብ ነው። ፀሐይ በኅዳር 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ በሰኔ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ታልፋለች፤ ከዚያ እስከ ኢሻ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ልምምዱ ከተራዘመ፣ በዚያ ላይ ገላ መታጠብና ባጃጅ መጠበቅ ሲጨመር ወቅቱ ያልፋል።

አሰልጣኙን ልምምድ መሃል አታናግሩት። ወሩ ሲገባ የሶላት ሰዓቱን በወረቀት ወይም በቴሌግራም ስጡትና «ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ነው የምንፈልገው፤ ተሰልፈን ወጥተን ተሰልፈን እንመለሳለን» በሉት። አብዛኛው አሰልጣኝ ሶላቱን አይቃወምም፤ የሚያናድደው አንዱ አሁን፣ ሌላው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲጠፋበት ነው። ግማሽ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ለውዱእ ይበቃል፤ መስገጃውም ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ውዱኡን ውጭ አድርጉ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ወለሉን ካረጠባችሁት በታኬታ የሚገባ ሰው ይንሸራተታል። በር ላይ ወይም መተላለፊያ ላይ አትስገዱ፤ ጥግ ያዙ። ቁምጣ ለለበሰ ወንድ ጉልበት የሚሸፍን ታይት መልበሱ ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለውን ዓውራ በመሸፈን በኩል ሥራውን ያቀልለታል።

ለጉዞ የሚሆን አንድ ስሌት አለ። ከድሬዳዋ በደንገጎ ሐረር ድረስ ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ለመንገደኛ የሚያስቀምጡት ርቀት ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ሐረር ለጨዋታ የሄደ የድሬ ልጅ ሶላት አያሳጥርም። ጅግጅጋ ወይም አዲስ አበባ የሄደ ግን ባለ 4 ረከዓውን 2 አድርጎ ይሰግዳል፤ መግሪብ 3፣ ሱብሂ 2 እንደሆኑ ይቀራሉ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ የት እንደሚቆም ከመነሳታችሁ በፊት ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሩ።

በረመዳን ጨዋታ ካለ ጾሜን ላፍርስ?

ይህን ስፖርተኛው፣ ሼኹና ሐኪሙ ናቸው የሚወስኑት። ጉዳት ሲፈራ ማፍጠርና በኋላ ቀዷ ማውጣት (በሌላ ቀን መተካት) የተፈቀደ ነው። ጨዋታ በራሱ ምክንያት ይሆናል ወይ የሚለው ግን ዑለማዎችን ያነጋግራል። ታላላቆቹ ስፖርተኞችም አንድ ዓይነት መንገድ አልያዙም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሀኪም ኦላጁዋን በ1995 (የስፖርቱ ዓመታት እዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ እየጾመ ተጫውቶ የየካቲት (ፌብሩዋሪ) ወር ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እንግሊዛዊው ሯጭ ሞ ፋራህ ደግሞ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በረመዳን ሲውል ጾሙን ለሌላ ጊዜ አስተላልፎ ሮጠ። ስለዚህ «እገሌ ስለጾመ አንተም ጹም» ወይም «እገሌ ስላልጾመ» የሚል ቪዲዮ አትሥሩ።

የሚጾም ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ወይም ከተራዊህ በኋላ ያድርግ። ቀን 7 ሰዓት ላይ ሳቢያን ሜዳ መሮጥ ጥበብ አይደለም። ሲያፈጥር 3 ተምርና ግማሽ ሊትር ውኃ ወስዶ መግሪብ ይስገድ፤ ከዚያ ሹርባና ሩዝ ወይም እንጀራ ይብላ። ሳምቡሳና ሙሸበክ በዚህች ከተማ እንቢ ለማለት ከባድ ናቸው። ግን ዘይቱና ስኳሩ ሆድ ሞልተው ውኃውን ቦታ ያሳጡታል፤ ተራዊህ ላይ የሚያንገሸግሸውም ከዚያ የመጣ ነው። ከልምምድ በፊትና በኋላ መመዘን ጥሩ ነው፤ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር እስከ ሱሁር ተከፋፍሎ ይጠጣ። በአንድ ጊዜ የተጨለጠ ውኃ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ሐረር ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዝቀዝ ትላለች፤ 1,200 ሜትር ላይ ያለችው ድሬ ግን ይቅር አትልም። ማዞር፣ መቀባዠር ወይም ላብ ማቆም ከታየ ልምምዱም ጾሙም እዚያው ይቆማል። ያኔ ካሜራ የሚያወጣ ጓደኛ ካለ ስልኩን ቀሙትና ውኃ አምጣ በሉት።

ጨዋታው መሃል መግሪብ ቢገባስ?

በየካቲትና በመጋቢት 12 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ከገባ ወደ 25 ደቂቃ አካባቢ መግሪብ ይሆናል። ከጨዋታው በፊት አምበሉ ዳኛውንና የተጋጣሚውን አምበል ያናግር። ተምርና ውኃ በተቀያሪዎች ወንበር አጠገብ ይዘጋጅ፤ ማፍጠሩም ኳስ ስትወጣ ይሁን። በ2021 ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ የሆነው ይኸው ነው፤ በረኛው የጎል ምት ሊመታ ሲል ቆም አለ፣ ፎፋናና ኩያቴ አፈጠሩ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ተጫዋቾች በድንገት ተነስተው ወደ መስመር ቢሮጡ ግን ዳኛው ያለፈቃድ ሜዳ መልቀቅ ብሎ በቢጫ ሊቀጣቸው ይችላል።

ጎል አግብቼ ሱጁድ ብወርድ ካርድ አለው?

ሱጁዱ በራሱ የለውም። ካርድ የሚያመጣው አብሮት የሚመጣው ነው፦ ማልያ ማውለቅ ወይም ጭንቅላት ላይ መጎተት ቢጫ ነው፣ አጥር ላይ መውጣት ቢጫ ነው፣ ሰዓት ከልክ በላይ መግደል ቢጫ ነው። ከማልያ ሥር በለበሱት ካናቴራ ላይ የእምነት ጽሑፍ ማሳየት በእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ 4 (የተጫዋች ልብስ) የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱ ከውድድሩ አዘጋጅ ወይም ከፌዴሬሽኑ ይመጣል። ጽሑፉ «ቢስሚላህ» ቢሆንም ያው ነው። በኦሊምፒክ ደግሞ የቻርተሩ 50ኛ ደንብ ሃይማኖታዊ ፕሮፓጋንዳን ይከለክላል። በአሜሪካን ፉትቦል ሁሴን አብዱላህ በ2014 ሱጁድ ወርዶ ቅጣት ተጥሎበት ነበር፤ በማግስቱ ሊጉ ራሱ «ተጫዋቹ ሊቀጣ አይገባም ነበር» አለ።

ለ3 ሰከንድ ውረዱ፣ ተነሡ፣ ጎሉን ያቀበላችሁን ልጅ እቀፉ። የሐረር ተመልካች ማን እንዳቀበለ አይረሳም።

ለሴቶች፦ በሒጃብ መጫወት ይፈቀዳል? የትኛው ዓይነት?

በእግር ኳስ ይፈቀዳል። ከ2012 ጀምሮ በሙከራ፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በሕግ ተፈቅዷል። የቅርጫት ኳሱ ዓለም አቀፍ ማኅበር ክልከላውን ያነሳው በ2017 ነው። የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና በ2023 በሴቶች የዓለም ዋንጫ ሒጃብ ለብሳ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሆናለች። እዚህ አገር «ሕግ አይፈቅድም» የሚል የውድድር ኃላፊ ቢያጋጥም፣ ሕግ 4ን አትሞ ይዞ መሄድ ከክርክር ይበልጣል።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ቀለሙ ጥቁር ወይም የማልያው ዋና ቀለም ይሁን፤ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች የሚለብሱት አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን፤ ከማልያው ጋር አይያያዝ፤ የሚንጠለጠል ወይም የሚወጣ ጫፍ አይኑረው፤ ማንንም አይጉዳ። ሴቶቻችን የሚቸገሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ተራ ሻሽ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ሜዳ አይገባም፤ ቁልፉ በግጭት ይከፈትና የራሷን አንገት ወይም የሌላዋን ዓይን ይወጋል። ጫፉ ከተንዘለዘለም ተጋጣሚ ሳታስበው ትጎትተዋለች። መፍትሔው በራስ ላይ የሚጠለቅ፣ ቁልፍ የሌለው፣ አገጭ ሥር የሚለጠጥ ጨርቅ ነው።

ጥጥ አትምረጡ። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይወርዳል፣ ግንባር ላይ ይንሸራተታል፤ ያኔ በየደቂቃው እጅ ወደ ራስ ይሄዳል። ቀዳዳ ያለው ቀላል የስፖርት ፖሊስተር ይሻላል። ከመጋላ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ጋ ማሰፋት ይቻላል፤ የፊቱን ዙሪያ በጨርቅ ሜትር ለኩና 2 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ፣ ጨርቁ ስለሚለጠጥ። ለጨዋታ ቀን ሁለት ያዙ፣ በእረፍት ሰዓት ደረቁን ቀይሩ። መጀመሪያ በልምምድ ላይ በጭንቅላት ኳስ እየመታችሁ ሞክሩት። ጆሮን በጣም የሚያጠብቅ ከሆነ የጓደኛን ጥሪ አትሰሙም።

ሒጃብ የማትለብስ ሙስሊም ተጫዋችን ገጻችሁ ላይ ለማነጻጸሪያ አታቅርቡ። አዳማ አካባቢ የተወለደችውና ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በ2024 ፓሪስ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈችው ያለ ሒጃብ ሮጣ ነው፤ ወርቁን የተቀበለችው ደግሞ ሒጃብ ለብሳ። በዚያ ሰሞን ከሁለቱም አቅጣጫ የፈረደባት ብዙ ነው። ፍርዱ ለማንም ዳዕዋ ሆኖ አላገለገለም።

የቢራ ወይም የቁማር ድርጅት ማስታወቂያ ማልያዬ ላይ ቢኖርስ?

ጥያቄው መነሳት ያለበት ከፊርማ በፊት ነው። የደቡብ አፍሪካው የክሪኬት ተጫዋች ሐሺም አምላ የቢራውን አርማ ሳያደርግ ተጫውቷል፤ ከቦርዱ ጋር ቀድሞ ስለተስማማ ጩኸት አልነበረውም። ፍሬዴሪክ ካኑቴም በ2006 በሴቪያ የቁማሩን ስም ሸፍኖ ነበር። ፖግባ በ2021 ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የቢራ ጠርሙስ ከፊቱ ሲያነሳ ያየው ዓለም ነው፤ አንድም ቃል አልጨመረበትም።

ውል ስትፈርሙ ማስታወቂያውን የሚመለከተውን አንቀጽ አስነብቡ፤ «በግል ገጼ የአልኮልና የቁማር ማስታወቂያ አልሠራም» የሚል መስመር በጽሑፍ አስገቡ። የቃል ስምምነት ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። የማልያውን ጉዳይ ክለቡ እንቢ ካለ ሼኻችሁን አማክሩ፤ ያን ማልያ ለብሳችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ግን የገጻችሁ ዋና ምስል አታድርጉት። የውርርድ ቤት ኮድ በየሳምንቱ እየለጠፉ ሐሙስ ማታ «ጁሙዓ ሙባረክ» ማለት ተከታዩ ወዲያው የሚያየው መጋጨት ነው። ተጫዋች በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ መወራረዱ ደግሞ በፊፋ ደንብም የተከለከለ ነው።

ጫትስ? እዚህ አካባቢ ሁሉም…

አዎ፣ የጫት ገበያዋ አወዳይ ቅርብ ናት፣ በርጫውም (አብሮ ተቀምጦ መቃሙም) ባህል ሆኗል፤ እዚህ ላይ ሼኾችም አንድ ቃል የላቸውም። የስፖርቱ ሕግ ግን ግልጽ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በውድድር ወቅት በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ላይ አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ እንደ ጥሰት ይቆጠራል። ካቲኖንም ተዘርዝሯል። «ቅጠል ነው፣ መድኃኒት አይደለም» የሚለው መከላከያ አያድንም። ምግብና እንቅልፍ መዝጋቱን ለማንኛውም የድሬ አሰልጣኝ ማስረዳት አያስፈልግም። በርጫ ላይ ሆናችሁ የተቀረጸ የምክር ቪዲዮ አትለጥፉ፤ ጉንጭ ይናገራል።

ምን ዓይነት ቪዲዮ ልሥራ? ቁርኣን ከኋላ ላስገባበት?

አጭርና የራሳችሁ የሆነ። ስልኩን አቁማችሁ ቅረጹ፤ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ይበቃል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ጥሩ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የድሬ ፀሐይ ዓይናችሁን ጥቁር ጉድጓድ ታደርገዋለች። ነፋስ ካለ ወደ ስልኩ ቀረብ በሉ። መልበሻ ክፍል ውስጥ አትቅረጹ፤ ያልለበሰ ሰው ከኋላ ያልፋል። መልበሻ ክፍል ውስጥ በምትቀልዱበት ቋንቋ ተናገሩ፣ ኦሮምኛም ሶማሊኛም ሐረሪም አማርኛም ይሁን፤ በሌላኛው ጽሑፍ ጨምሩበት።

ስለ ቁርኣን፦ ከልምምድ ቪዲዮ ኋላ ባታስገቡት ይመረጣል። ምክንያቱ ቴክኒካዊም ነው። ቲክቶክ ቪዲዮውን ሲጨርስ ከመጀመሪያው ይደግመዋል፤ አንቀጹ የትም ቢደርስ ይቆረጣል። ሱረቱል ማዑን ላይ «ፈወይሉን ሊል ሙሰሊን» የሚለው ላይ ቢቆረጥ «ለሰጋጆች ወየውላቸው» ሆኖ ይቀራል። ቀጣዩ አንቀጽ ከሶላታቸው ዘንጊ ስለሆኑት መሆኑን ይናገራል፣ ተመልካቹ ግን አልደረሰበትም። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰው አውቶቡስ ውስጥ ያለ ድምፅ ነው የሚያየው። ማስገባት ካለባችሁ አንቀጹ አልቆ 2 ሰከንድ ዝምታ ይኑር። ዐረብኛ ጽሑፍ በአንዳንድ ማቀናበሪያዎች ፊደሉ ተለያይቶ ወይም ተገልብጦ ስለሚወጣ፣ ከቁርኣን መተግበሪያ ምስሉን ወስዶ መለጠፍ ይሻላል። ጽሑፉን ከታኬታ ጋር በአንድ ፍሬም አታስገቡ።

ሐዲስ ከመለጠፋችሁ በፊት ዘጋቢውን የማታውቁት ከሆነ ለአንድ ኡስታዝ ላኩ። አንድ ቀን ብትቆዩ አይጎዳም፤ የውሸት ሐዲስ ግን ብታጠፉትም ሰው ቀድቶት ይዞራል።

ሶላቴን መለጠፍ ሪያእ (ለሰው ይታይልኝ ብሎ ማምለክ) አይሆንም?

ኒያ (የሥራው ሐሳብ) የልብ ነገር ስለሆነ ከውጭ ሆነን አንፈርድም። አንድ መለኪያ ግን አለ፦ ሱጁዱን «አልተቀረጸም» ብላችሁ ከደገማችሁት፣ ሁለተኛው ለካሜራው ነው። ጓደኛ ሳታውቁ ያነሳው ፎቶ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ለጥፉ ብለን አንገፋም። ሰደቃ ስትሰጡ የልጅ ፊት አታሳዩ፤ ከረጢቱን ብቻ ማሳየት ይቻላል፣ አለማሳየት ደግሞ ይሻላል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የሰው አመለካከት ይለውጣል?

የተጠና አንድ ጉዳይ አለ። መሐመድ ሳላህ በ2017 ሊቨርፑል ከገባ በኋላ ተመራማሪዎች የፖሊስ መዝገብና የደጋፊዎችን ጽሑፍ መርምረው በ2021 አሳትመዋል፦ በሊቨርፑል አካባቢ በመርሲሳይድ የጥላቻ ወንጀል ይጠበቅ ከነበረው 16 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ የክለቡ ደጋፊዎች በሙስሊሞች ላይ የሚጽፉት ጥላቻ ደግሞ ከሌሎች ክለቦች ደጋፊዎች ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ወርዷል። ሳላህ በዚያ ጊዜ ትምህርት ሲሰጥ አልነበረም፤ ጎል ያገባና ሱጁድ ይወርድ ነበር። ጎሉ ባይኖርስ የሚለው ሐቀኛ ጥያቄ ነው። ልምምዳችሁን ስለ ቪዲዮ አትተዉ።

ሃይማኖቴን የሚሰድብ ሲመጣ ምን ልመልስ?

ብዙውን ጊዜ ምንም። ከልቡ ለሚጠይቅ አንድ ጊዜ በጨዋነት መልሱ፤ የሚሳደበውን ደብቁት ወይም አግዱት። ሁለተኛ መልስ ከጻፋችሁ ክርክሩ የገጹ ዋና ነገር ይሆናል። የሌላውን እምነት እያነሱ «አሸነፍኩት» የሚል ቅንጭብ በድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ወደ ድንጋይ ሊያመራ ይችላል። ሕግም አለ፦ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሊደርስ ይችላል። አንድ ጎል ብቻ 5,000 ተከታይ ሊያመጣ እንደሚችል አትርሱ። ገጹን ሌላ ሰው ከያዘላችሁ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሩ፤ በስማችሁ የተለጠፈ ነገር የእናንተ ነው የሚመስለው።

የቡድን ጓደኞቼ ክርስቲያኖች ናቸው። አብሮ መብላቱን እንዴት እናድርገው?

ሥጋው ላይ ሁሉም የራሱን እንደሚበላ እዚህ አገር ማንም ያውቃል፣ ማንም አይቀየምም። ካምፕ ላይ ማብሰያው ሁለት ይሁን፤ ጭልፋው ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እየገባ ነው ጭቅጭቅ የሚነሳው። በእኛ አቆጣጠር በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። እንዲህ ሲሆን የሚያዋጣው ቀላል ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ በአትክልት፣ ሁሉም በዘይት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መግሪብ ላይ ከአንድ ትሪ ይበላል። ይህን ትሪ ከላይ አንሥታችሁ እጆቹን ብቻ ብታሳዩ ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል፤ ግን ጓደኞቻችሁን አስፈቅዱ።

ተከታዮች ፈትዋ ይጠይቁኛል። ልመልስ?

አትመልሱ። ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ታኬታ ቁጥር መልሱ፤ ስለ ፍቺና ስለ ውርስ ሲመጣ አንድ የተዘጋጀ ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ይኑር፦ «ወንድሜ፣ እኔ ተጫዋች ነኝ። ይህን በሰፈርህ መስጊድ ላለው ኢማም አቅርበው፤ አላህ ያቅልልህ።» እህት ከሆነች «እህቴ» ብሎ፣ የውስጥ መልእክቱንም እዚያው መዝጋት ነው።